የላቀው ቴስታ ሦስት ቃላት

እትዬ ዘነበች ሰው ካልሞተ በቀር ስልክ አይደውሉም። ስለዚህ ስማቸውን ስልኬ ላይ ሳይ የቀረኝ ጥያቄ ማን የሚለው ብቻ ነበር።

«ቢኒ፣ ያ ቁጡ ሰውዬ ዐረፈ» አሉኝ። «ተኝቶ ነው የሞተው አሉ። እንደ ሰው፣ አልጋው ላይ። ታምናለህ?»

ለማመን ጊዜ ፈጀብኝ። ጋሽ ላቀው ደም ሳይፈስ ይሞታሉ ብሎ የገመተ ሰው በሸራ ተራ አልነበረም።

የአባታቸውን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ለሁሉም ሰው «ላቀው ቴስታ» ናቸው። አጭር፣ አንገተ ወፍራም፣ ግንባራቸው እንደ ተጠገነ ጎማ በጠባሳ የተለጣጠፈ ሰው ነበሩ። ሲያስቡ ያንን ጠባሳ በአውራ ጣታቸው ያሻሉ። ሲናደዱ ጣታቸውን ከዚያ ላይ ያነሣሉ፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ያን ጊዜ ቦታ ይለቃሉ።

ያወቅኳቸው በጠብ ነው። የአጎቴ ልጅ ገመድ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር፤ የእሳቸው ሸራ መስፊያ እዚያው ፎቅ ላይ፣ የመጨረሻው ደርብ፣ ከእኛ ጎን ነው። ምስጋና የሚባል ቀይ ኮፍያ ከራሱ የማይለይ ደላላ አንድ ቀን ገዢ ይዞላቸው መጣ። ገዢው የጭነት መኪና ሸራ ፈልጎ ነበር። ውኃ ያስገባ እንደሆነ ሲጠይቅ ምስጋና ቀደም አለ።

«ምን ነካህ ወንድሜ! ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጠብ አላለም!»

ጋሽ ላቀው ወስፌያቸውን አስቀመጡ። «የት አየኸው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው።»

«የት አየኸው ነው ያልኩህ!»

ኮሌታውን ይዘው ከብረቱ በር ጋር አጣበቁት። ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ከደረጃው ላይ ሻይ የሚሸጡት እትዬ ዘነበች «በስመ አብ!» ሲሉ ሰማሁ። ግንባራቸው ወረደ፤ የምስጋና አፍንጫ ጋ ሊደርስ ጣት ሲቀረው ቆመ። ከዚያ ለቀቁት፣ ዞሩ፣ በሩን በግንባራቸው መቱት። ደገሙት። ደሙ በቅንድባቸው ላይ ወርዶ አዲሱ ሸራ ላይ ተንጠባጠበ። ገዢው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወርድ ነበር።

«ያስገባ አያስገባ አላውቅም!» ብለው ከኋላው ጮኹበት። «አልሞከርኩትም!»

ለራሳቸው ዕቃ የዋሸላቸውን ደላላ ሊገድሉ የደረሱበት ምክንያት ያን ቀን አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ አየር ኃይል የመረጃ ተንታኝ ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ወጣ፤ አመለከትኩ፤ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ጂኦግራፊ በማታ ተምሬ ጨርሻለሁ። ከላይ የተነሣ ምስል ማንበብ ግን ያስተማረኝ የለም፤ ሱቁ ጭር ሲል በስልኬ የሳተላይት ካርታ እየከፈትኩ፣ ከዚያ የፎቁ ጣሪያ ቴራስ ላይ ወጥቼ ያነበብኩትን ከመርካቶ ጣሪያዎች ጋር እያመሳከርኩ ነው የለመድኩት። ቴራሱ ጋሽ ላቀው ሸራ የሚዘረጉበት ቦታ ነው። አንድ ከሰዓት ከኋላዬ መጥተው ስልኬ ላይ አጎነበሱ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የውኃ ታንከር።»

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየሁትም። ስልኩ ከእጄ ወድቆ ሸራው ላይ ተንከባለለ።

«ጥቁር ክብ ነገር ነው። ታንከር ነው ብሎ ማን ነገረህ?»

ጉንጬ እየተቃጠለ «ጥላው» አልኩ። «ጥላው ረጅም ነው። ከጣሪያው ከፍ ብሎ የቆመ ነገር ነው። ከጎኑ ያለው ቀጭን መስመር ቱቦ ይመስለኛል።»

ጠባሳቸውን አሹ። ከዚያ ሸራው ላይ ቁጭ አሉ፤ ሲቀመጡ መጀመሪያ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው፤ ሁልጊዜ ቆመው ነበር የሚሰፉት። በወጣትነታቸው በአየር ኃይል ውስጥ ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶ የሚያነቡ ወታደር እንደነበሩ ነገሩኝ። መቼ እንደ ወጡና ለምን ወደ ሸራ እንደ መጡ አልነገሩኝም።

«ቃለ መጠይቁ መቼ ነው?»

«ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።»

«እንግዲህ ጉንጭህ ይቻለው» አሉ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። የቴራሱ ጠርዝ ላይ ያቆሙኛል። ከታች ከሲኒማ ራስ በኩል የሚመጣው መንገድ አለ፤ ጋሪ፣ ተሸካሚ፣ ሚኒባስ፣ ለመንቀሳቀስ የሚታገል ሰው። ጥቂት አይቼ ፊቴን አዞራለሁ፤ ያየሁትን እናገራለሁ። የተፈቀዱልኝ ጅማሬዎች ሦስት ናቸው፤ «አየሁ»፣ «ይመስለኛል»፣ «አላውቅም»። ካምታታሁ ጥፊ ይከተላል።

«አንድ ሰውዬ ተቆጥቶ ከሚኒባስ ረዳት ጋር...»

ጧ!

«ቁጣውን አየኸው? ቀለሙ ምንድን ነው?»

«እጁን ሲያወናጭፍ አየሁ።»

«እሱን በል! ምናልባት ዘመዱን እየተሰናበተ ቢሆንስ? ያየኸውን ለእኔ ንገረኝ፤ ያሰብከውን ስታገባ ለሚስትህ ትነግራታለህ።»

የሚያከብሩት ቃል «አላውቅም» የሚለው ነበር። «አላውቅም ማለት ደሞዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው» ይሉ ነበር። «ለመገመትማ መርካቶ ሙሉ ሰው በነፃ ይሠራል።»

አንዳንድ ቀን ሦስት የተጠቀለሉ ሸራዎችን ደርድረው ያቆሙና ከኋላቸው ይቀመጣሉ። ሦስቱ ሸራዎች ጠያቂዎቹ መኮንኖች ናቸው። መሀለኛው ኮሎኔል ነው።

«ለምን ይኼን ሥራ መረጥክ?»

«አገሬን ለማገልገል...»

የሲባጎ ድውር ግንባሬን መታኝ።

«ከአንተ በፊት የገባውም ይኼንኑ ብሏል፣ ከአንተ በኋላ የሚገባውም ይላል! ኮሎኔሉ አንቀላፋ፣ እየው!» ብለው መሀለኛውን ሸራ በእርግጫ ጣሉት።

እትዬ ዘነበች ሻይ ይዘው ወጥተው ሳቁ። «ላቀው፣ ልጁን ሳይቀጥሩት አካለ ስንኩል አደረግኸው እኮ!»

«ዝም በይ አንቺ። ለጥያቄ ነው የማዘጋጀው።»

«ለጥያቄ ነው ለቦክስ?»

የጋሽ ላቀውን ታሪክ የነገሩኝ እኒሁ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ አንድ ጠዋት ከንፈሬ አብጦ ሲያዩኝ፣ በልቤ እንዳልይዝባቸው ብለው ነው። ፎቁ ሳይሠራ፣ ተራው ገና ቆርቆሮ ሳለ፣ በጠራራ ፀሐይ «ሌባ! ሌባ!» ተባለ። አንድ ወጣት በሩጫ መጣ፤ ከኋላው ሰው እየተግተለተለ ይከተለዋል። ጋሽ ላቀው ከሱቃቸው ወጥተው በቴስታ መቱት። ወደቀ። የተቀረውን ሕዝቡ ጨረሰው። ወጣቱ ሌባው አልነበረም። የተሰረቀው ሰው ወንድም ነበር፤ ከሁሉ ፈጥኖ ሌባውን እያባረረ ነበር። ሌባው ቀድሞ አልፏል። የመጀመሪያውን ምት የሰነዘሩት እሳቸው መሆናቸውን ፖሊስ ሳይጠይቃቸው ተናገሩ፤ ብዙ ዓመት ታስረው ወጡ።

«ከዚያ ወዲህ ግንባሩ ሰው ነክቶ አያውቅም» አሉ እትዬ ዘነበች። «ከበር ጋር ነው የሚጣላው።»

ስለዚህ ጉዳይ እሳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሡልኝ፤ እሱም ሳልጠይቃቸው፣ ሸራ እየሰፉ። «ከላይ ሆኜ ሳይ ተጠንቅቄ ነበር የማየው። መሬት ላይ፣ ሰውየው ክንዴ ሥር ሲደርስ ነው ያላየሁት።» ወስፌውን በሸራው አሻግረው ወጉ። «አንተ እዚያ ስትገባ የምታየው ሰው ክንድህ ሥር አይደለም። ሩቅ ነው፣ ትንሽ ነው። ስለዚህ ነው የምመታህ።»

ቃለ መጠይቁ በነጋታው ሊሆን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ቴራሱ ላይ አቆሙኝ። ሰማዩ ዝናብ አዝሎ ነበር፤ ሁሉም ዕቃውን ለመጫን ይጣደፋል።

«ጀምር።»

«ነጭ ኢሱዙ። ፊቱ ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ትራፊክ ፖሊስ ጎኑን በእጁ መታው። ኢሱዙው ተነሣ። ወደ ታች ወርዶ ብረት ሻጮቹ ፊት ቆመ።»

«ቀጥል።»

«ተሸካሚ ከመጋዘን ወጣ። ጀርባው ላይ ሰማያዊ ቦንዳ አለ። ቡናማ ኮት የለበሰ ሰው ቦንዳውን በእጁ ይዞ ይከተለዋል።»

መርካቶ ውስጥ ዕቃ ያሸከመ ነጋዴ እጁን ከቦንዳው አያነሣም። ተሸካሚው ደግሞ አይቆምም። ያን ሁሉ ክብደት ይዞ ከቆመ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ብቻውንም አውርዶ መልሶ ማንሣት አይችልም። ስለዚህ «ዞር በል! ዞር በል!» እያለ ይሮጣል፤ የሚያርፈው የሚራገፍበት ቦታ ሲደርስ ነው።

«ጋሪ በመካከላቸው ገባ። የኮቱ ሰውዬ እጅ ከቦንዳው ተላቀቀ። ተሸካሚው እየሮጠ ነው። የኢሱዙው ሾፌር እጁን በመስኮት አወጣ። ተሸካሚው አቅጣጫ ቀየረ።»

«ጠርቶት ነው?»

«አላውቅም። እጁን ሲያወጣ አየሁ። የኮቱ ሰውዬ ጋሪውን አለፈ። ኢሱዙው ቀድሞ የቆመበት ቦታ ደረሰ። ባዶ ነው። ዞር ዞር አለ። ተሸካሚውን አሁን ያየው ይመስለኛል።»

«ሌባ!» የሚለው ጩኸት እኛ ያለንበት ደርብ ድረስ ደረሰ።

የጋሽ ላቀው ጣት ከጠባሳቸው ላይ ተነሣ።

«ይሸሻል ወይስ ዕቃ ያደርሳል?» ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

«አላውቅም። ግን ሊሸሽበት የሚችል ጠባብ መተላለፊያ ነበር፤ አልፎታል። ቀጥ ብሎ ወደ ኢሱዙው ነው የሚሄደው።»

«ይኼን አየኸው?»

«አየሁት።»

«እዚሁ ቁም። ዓይንህን እንዳትነቅል!» ብለውኝ ደረጃውን ወረዱ።

ስለዚህ ሁሉንም አየሁ። አንድ ሰው እግሩን አስቀድሞ አደናቀፈው። ተሸካሚው በፊቱ ወደቀ፤ ቦንዳው በላዩ ላይ ወደቀበት። ቦንዳውን ያነሡለት ሊመቱት እንዲመቻቸው ነው። መጀመሪያ ጫማ ነበር፣ ቀጥሎ ድንጋይ። አንዲት ሴት የሚዛን ክብደት ወረወረች። ክንዱን ፊቱ ላይ ሲያደርግ አንዱ ክንዱን ረገጠው፤ ከክርኑ በታች መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጠፈ። ከላይ ሲታይ ምቱ ለብቻው የሚሰማ ድምፅ አልነበረውም፤ ድምፁ ሁሉ አንድ ላይ ተደባልቋል። ሾፌሩ ከኢሱዙው ወርዶ እጁን ሲያወናጭፍ አየሁ። ማንም አልዞረለትም።

ከዚያ የጋሽ ላቀው ራሰ በራ ሕዝቡን ሰንጥቆ ገባ። ማንንም አልመቱም። ተሸካሚው ላይ ተደፉበት። አንድ ጊዜ ቀና ሲሉ ድምፃቸው ከሌላው ሁሉ ተለይቶ መጣ።

«ሲሰርቅ ያየ እጁን ያውጣ!»

«እኔ አይቻለሁ!» አለ አንዱ።

«ምን አየህ?»

«ሲሮጥ!»

«ሲሮጥማ እኔም አይቻለሁ! ተሸካሚ ምን ያድርግ፣ ይተኛልህ?»

አንድ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ የሚያድናቸው መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከአንድ ሱቅ በር ላይ ከተወጠረው መጠለያ ሥር አንድ ፌሮ ብረት ተነሣ፤ ወረደ። ጋሽ ላቀው እጃቸውን ወደ ግራ ዓይናቸው አደረጉ። ፌሮውን የያዘውን እጅ መጠለያው ከልሎታል። መጠለያው እሳቸው የሰፉት ሸራ ነበር።

ቡናማ ኮት የለበሰው ነጋዴ እያለከለከ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። ሾፌሩ ደረቱን ይዞ «ያንተ ዕቃ እኮ ነው! ትራፊክ አስነሥቶኝ ነው፣ እኔ ነኝ የጠራሁት!» ብሎ ሲጮህበት ሕዝቡ መበተን ጀመረ። ዝናቡም ጀመረ። ደሙን አጥቦ ወደ ቦዩ ሲወስደው ቆሜ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ዓይኔን የነቀልኩት።

ተሸካሚው ከማል ይባላል፤ ከስልጤ የመጣ ልጅ ነው። ክንዱና ጎድኑ ተሰብሮ ተረፈ። ሆስፒታል ስደርስ ጋሽ ላቀው ሁለቱም ዓይናቸው በፋሻ ተጠምጥሞ ተኝተዋል። አልጋቸውን የእህታቸው ልጅ ዳዊትና የተራው ጎረምሶች ከበዋል።

«ቢኒ መጣ» አለ ዳዊት። «ከላይ ነበርክ። ፌሮውን የያዘው ማነው? ምስጋና እዚያ ነበር ይላሉ። ያ ደላላ ከበሩ ጠብ ጀምሮ ቂም ይዟል። እሱ ነው በለኝና ዛሬውኑ እንጨርሰው።»

ሁሉም አዩኝ። ምስጋናን አይቼዋለሁ፤ ቀይ ኮፍያው ከዚያ መጠለያ አጠገብ ነበር። ጋሽ ላቀውን ደግሞ ከአባቴ ባልተናነሰ እወዳቸው ነበር፤ ሰው መምታት ያማረኝ በሕይወቴ ያን ሰዓት ብቻ ነው።

«ኮፍያውን አይቻለሁ» አልኩ። «ፌሮውንም አይቻለሁ። ሁለቱን አንድ ሰው ላይ አላየሁም።»

«አንተ ሰው ነህ ወይስ ካሜራ? ዓይኑን እኮ ነው ያፈሰሱት!»

«አላየሁም።»

«ይመስልሃል ግን። አይደል? ይመስልሃል!»

«ይመስለኛል» አልኩ።

ዳዊት ጃኬቱን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት።

«ዳዊት!» ከፋሻው ሥር የወጣው ድምፅ የታመመ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ልጁ ይመስለኛል ነው ያለህ። እኔ በይመስለኛል ሰው ገድያለሁ። ተመለስና ቁጭ በል፤ አለዚያ ተነሥቼ በዚህ ፋሻ ነው የማንቅህ።»

ዳዊት ተመልሶ ተቀመጠ። ማልቀስ ጀመረ። ጋሽ ላቀው እጃቸውን በአየር ላይ እየዳበሱ ፈለጉኝ፤ ጉንጬን ሲያገኙት በልማድ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመቱኝም።

«ነገ ነው አይደል?»

«ነገ ነው።»

«ሂድ ተኛ። ተቀጥረሃል።»

በማግስቱ ሦስት ሰዎች ፊት ተቀመጥኩ። ለምን ይኼን ሥራ እንደመረጥኩ ሲጠይቁኝ የወደቀው ኮሎኔል ትዝ ብሎኝ ልስቅ ደረስኩ። ሳላይ አየሁ ማለት ስለማልችል ነው አልኳቸው። አንድ ፎቶ አሳዩኝና በሸራ የተሸፈነውን ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። መጠኑን፣ ጥላውን፣ ከሥሩ ያለውን የጎማ ዱካ ነገርኳቸው። «ታዲያ ከሸራው ሥር ያለው ምንድን ነው?» አለ መሀለኛው። «አላውቅም» አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንዳሰበ አላየሁም። በኋላ ግን ቀጠሩኝ።

ጋሽ ላቀው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። ርቀት መለየት ስላቃታቸው ጥፊያቸው አየር ይመታ ጀመር፤ የተራው ሰዎች እሳቸውን ደስ ይበላቸው ብለው ጉንጫቸውን ጠጋ ያደርጉላቸው እንደነበር እትዬ ዘነበች ነግረውኛል። ፌሮውን ማን እንዳነሣ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ለቀብሩ ሄድኩ። ምስጋና ድንኳኑ ጫፍ ላይ ቀይ ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ ቆሟል፤ ያለቅሳል። እንባውን አየሁ። ምክንያቱን አላውቅም።

ሬሳው ሲነሣ የሳጥኑን የፊት እጀታ ከማል ያዘ። ክንዱ ጠምሞ ነው የተጠገነው፤ እጀታውን በሌላኛው ነው የያዘው። መርካቶ ለቀብርም ቢሆን መንገድ አይለቅም። ጋሪ ነበር፣ ሚኒባስ ነበር፣ ቦንዳ የተሸከሙ ሰዎች «ዞር በል!» እያሉ ጎን ለጎናችን ይሮጡ ነበር። ከማል ያን ቃል አላወጣም። ሰው ፊቱ ሲገባ ቆመ፤ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ደግሞ ተራመደ። ከዚያ በፊት ተሸካሚ ሸክም ይዞ ሲቆም አይቼ አላውቅም። እስከ ራጉኤል በር ድረስ አንድም እርምጃ አልሮጠም።

ይኼን አየሁ።